ማሽኖች ወንፈል ሲማሩ

ጨዋታ ሲባል አብዛኛዎቻችን ወዲያው የሚታየን ገበጣ ነው። በገበጣ አንዱ የሚሰበስባት ጠጠር ሁሉ ሌላው የሚያጣት ጠጠር ናት፤ ሁለት አሸናፊ አይኖርም። ቼዝም በዚሁ ሕግ ይሄዳል። በ1997 አንድ ኮምፒውተር የዓለሙን የቼዝ ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን፥ በ2016 ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ጎ በሚባለው ጨዋታ ስመ ጥሩ የሆነውን ኮሪያዊ ሊ ሴዶልን ድል ባደረጉ ጊዜ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን) ዓለም ያጨበጨበው ለዚህ ዐይነቱ ጨዋታ ነበር።

ነገር ግን የሰው ኑሮ አብዛኛው ክፍል ገበጣ አይደለም። ከአንድ ቦይ ውኃ የሚጠጡ ሁለት ማሳዎች ሁለቱም ሊለመልሙ፥ ወይም ሁለቱም ሊደርቁ ይችላሉ። እንዲህ ባለው ጨዋታ ውስጥ ማንም ሳያስተምረው በራሱ ሙከራ የሚማር ማሽን ቢገባ ምን ያደርጋል? ባልንጀራውን ማገዝ ይማራልን? ወይስ መንጠቅን? ይህ ጥያቄ ከቼዙ ይልቅ ለእኛ ለጉደር ተማሪዎች የቀረበ ነው ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱም ከካምፓሳችን ወጣ ብሎ በበጋ ወራት የመስኖ ቦዮቹን የተመለከተ ሁሉ ጥያቄው በየዕለቱ ሲጠየቅ ያያል።

በበኩላችን የምንለው አንድ ነገር ነው። መተባበር ከተጫዋቹ ደግነት ወይም ብልኅነት ይልቅ ከጨዋታው ሕግ ይወለዳል። ሰው ሠራሾቹ ተጫዋቾች ይህን እጅግ ግልጽ አድርገው አሳይተውናል። እኛ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ገበሬውንም፥ ተማሪውንም፥ ነጋዴውንም በስብከት ልናተባብረው እንደክማለን።

ነገሩ የተጀመረው በ1950 ነው። ራንድ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት ውስጥ ሜሪል ፍለድና ሜልቪን ድሬሸር የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት አንድ አጣብቂኝ ጨዋታ ፈጠሩ፤ አልበርት ተከር የተባለ ሌላ ሊቅ ደግሞ የሁለት እስረኞች ታሪክ አድርጎ ተረከው። እኛ እስረኞቹን ትተን በአገራችን ነገር እንንገረው። ሁለት ገበሬዎች ቦያቸውን ደለል ሞልቶታል እንበል። ሁለቱም ወጥተው ቢጠርጉ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጆንያ ሽንኩርት ያገኛሉ። አንዱ ሲጠርግ ሌላው ቢተኛ፥ የተኛው አምስት ሲያገኝ የደከመው ባዶ እጁን ይቀራል። ሁለቱም ቢተኙ አንዳንድ ጆንያ ብቻ ይደርሳቸዋል። እንግዲህ አንደኛው ቁጭ ብሎ ያስባል፦ «እሱ ከጠረገ እኔ ብተኛ ይሻለኛል፤ እሱም ከተኛ እኔ ብተኛ ይሻለኛል።» ሁለተኛውም ያንኑ ያስባል። ሁለቱም በጥሩ ሒሳብ አስልተው ይተኛሉ፤ ሦስት ማግኘት ሲችሉ በአንድ ጆንያ ይቀራሉ። ከሁለቱ አንዳቸውም ክፉ አልነበሩም፤ የስሌት ስሕተትም አልፈጸሙም።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሮበርት አክስልሮድ አንድ ውድድር አዘጋጀ። ምሁራን ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች እየጻፉ እንዲልኩለት ጠየቀ። 14 ፕሮግራሞች መጡለት፤ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት መቶ ጊዜ እንዲገጥም አደረገ። ከመጡት ውስጥ ብዙ ተንኰል ያለባቸው ነበሩ። ያሸነፈው ግን ከሁሉ አጭሩ፥ አናቶል ራፖፖርት የላከው ቲት ፎር ታት የተባለው ሆነ፤ እኛ ብድር መላሽ እንበለው። ሕጉ ሁለት ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ሥራ፥ ከዚያ በኋላ ባልንጀራህ ባለፈው ያደረገውን አንተም አድርግ። አክስልሮድ ውጤቱን አሳውቆ ሁለተኛ ውድድር ቢጠራ 62 ፕሮግራሞች መጡ፤ ሁሉም ብድር መላሽን ለመጣል የሚያስችላቸውን ዕድል እያወቁ ነው የመጡት። አሁንም እሱ አሸነፈ። እጅግ የሚያስገርመው ደግሞ ብድር መላሽ በአንድም ግጥሚያ ላይ ከገጠመው ተጫዋች የበለጠ ነጥብ ማግኘት የማይችል መሆኑ ነው። ቢበዛ እኩል ይወጣል። ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ሲጠላለፉ እሱ ከብዙዎች ጋር ሦስት ሦስቱን እየሰበሰበ በድምሩ በለጣቸው።

ይህን ስናነብ ወንፈልን ያላስታወስን ማን ነን? በኦሮምኛ ዳዶ የሚባለው ማለት ነው። ቀን በቀን፥ በሬ በበሬ ይመለሳል። ከደቦ ጋር ማምታታት አይገባም፤ በደቦ ጠላውና ምግቡ ይቀርባል፥ ሰዉ ይወጣል፥ ማን ስንት ቀን ሠራ ብሎ የሚቈጥር የለም። ወንፈል ግን ሒሳብ አለው። የወንፈል ቀኑን ያልመለሰ ሰው ጉባኤ ተጠርቶ ስለ ኅብረት ጥቅም ንግግር አይደረግለትም፤ የሚመጣው አጨዳ ላይ ብቻውን ማጭዱን ይዞ ይቆማል፥ ያ ይበቃዋል። አባቶቻችን ከአክስልሮድ በፊት ሁሉን ያውቁ ነበር ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ፉከራ አይጥመንም። ራፖፖርት ስለ ወንፈል የሰማው ነገር የነበረ አይመስለንም፤ ገበሬውም ስለ ራፖፖርት አልሰማም። ሁለቱ በተለያየ መንገድ ሄደው አንድ መልስ ላይ ከደረሱ ግን መልሱ በጥያቄው ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ብድር መላሽ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ሁለት ብድር መላሾች ሲጫወቱ አንዱ በስሕተት አንድ ቀን ቢያጓድል፥ ሌላው ይቀጣዋል፤ ያም ቅጣቱን ይመልሳል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ይቀጥላሉ። ቂም ማለት ይኸው ነው። ማርቲን ኖዋክና ካርል ዚግሙንድ በ1992 እንዳሳዩት፥ ስሕተት ባለበት ዓለም ውስጥ የሚበልጠው አልፎ አልፎ ይቅር የሚል ብድር መላሽ ነው። የሽማግሌን ነገር የሚያጣጥሉ ዘመናዊ ጓደኞቻችን ይህን ቢያነቡት አይከፋም።

እስካሁን ያወራናቸው ፕሮግራሞች በሰው የተጻፉ ናቸው፤ አልተማሩም። የሚማር ተጫዋች ሌላ ነገር ነው። ሲጀምር ምንም አያውቅም፤ አንድ ነገር ይሞክራል፥ ነጥብ ካገኘበት ያንኑ ይደጋግማል፥ ካጣበት ይተዋል። ወይፈን ለቀንበር የሚለምደው በዚሁ መንገድ ነው። ሳንድሆልምና ክራይትስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 እንዲህ ያለውን ጀማሪ ከብድር መላሽ ጋር ቢያጫውቱት መተባበርን ተማረ። ሁለት ጀማሪዎችን እርስ በርስ ሲያጫውቱ ግን ነገሩ ከበዳቸው። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። ከብድር መላሽ ጋር የተጫወተው ፊቱ ቋሚ ሕግ ነበረለት፤ ሲያጓድል እንደሚጓደልበት፥ ሲሠራ እንደሚሠራለት በሙከራ ደረሰበት። ሁለቱ ጀማሪዎች ግን እያንዳንዳቸው የሚማሩት ከሚለዋወጥ ሰው ነው። አንዱ መተኛትን ይሞክርና አምስት ያገኛል፤ ይጣፍጠዋል፤ ይደግማል። ሌላውም በፈንታው ይሞክራል። አንዳንድ ጆንያው ሲመጣ መንሥኤው የትናንት ሥራው መሆኑን ማንም አልነገራቸውም።

መምህራኖቻችን እንዳይቀየሙን እንጂ፥ ይህ የቡድን ሥራችን ትክክለኛ ሥዕል ነው። ለየኮርሱ አዲስ ቡድን ይቋቋማል፤ አምስት ስም ይጻፋል፤ አንድ ሰው ሌሊቱን ያድራል፤ አራቱ ጧት ፈርመው ያስረክባሉ፤ ማርኩም ለአምስቱ እኩል ይሰጣል። ወሩ ሲያልቅ ቡድኑ ይበተንና ያደረውም የተኛውም ከሌሎች ሰዎች ጋር እንደገና ይጀምራል። ብድር የሚመለስበት ሁለተኛ ዙር የለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ «የዛሬ ተማሪ ኅብረት አያውቅም» ይባላል። እኛ ግን የዛሬ ተማሪ ጨዋታውን በሚገባ ያውቃል እንላለን። በኢሕአዴግ ዘመን አንድ ለአምስት የሚባል አደረጃጀት እስከ ትምህርት ቤት ድረስ ወርዶ እንደነበረ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ፤ ቡድኑ ቋሚ ነበር፥ ነገር ግን ከላይ የታዘዘ ስለ ነበረ የሚጠበቀው የባልንጀራ ዐይን ሳይሆን የሪፖርት ቅጽ ነበር። ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ቡድኑ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ይቆይ፤ አባላቱ እርስ በርሳቸው ይመራረጡ፤ በየሥራው ላይ ማን የትኛውን ክፍል እንደ ሠራ ይጻፍ።

ወደ ማሽኖቹ እንመለስና፥ በ2017 ዲፕማይንድ በተባለው የለንደን ድርጅት ጆኤል ላይቦና ጓደኞቹ ሁለት ጨዋታ አዘጋጁ። በአንደኛው ሁለት ተማሪ ተጫዋቾች ፖም ይለቅማሉ፤ እያንዳንዱም ሌላውን በጨረር መትቶ ለጥቂት ጊዜ ከሜዳው ሊያስወጣው ይችላል። ፖሙ በብዛት ሲበቅል ሁለቱም በሰላም ለቀሙ። ፖሙ ሲያንስ መተኳኰስን ተማሩ። በሁለተኛው ጨዋታ ሁለት ተኵላዎች አንድ አውሬ ያሳድዳሉ፤ አውሬው ሲያዝ ሁለቱም በአቅራቢያው ከተገኙ ሽልማቱ ከፍ ይላል። በዚህኛው አብሮ ማደንን ተማሩ።

ከሁሉ የከነከነን ቀጥሎ ያለው ነው። ተመራማሪዎቹ የተጫዋቾቹን ሰው ሠራሽ አእምሮ ሰፋ ሲያደርጉት ምን ሆነ? በፖሙ ጨዋታ ጠብ ጨመረ፤ በአደኑ ጨዋታ ደግሞ ትብብር ጨመረ። ያው አእምሮ ነው። ብልኅነት ጨዋታው የሚከፍልበትን ነገር አጠበቀው እንጂ ወደ በጎም ወደ ክፉም በራሱ አልመራውም። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ «ትምህርት ሰውን ያስማማል» ተብሎ ተነግሮናል፤ እስክሪብቶ ይዘን ከተማ ስንገባ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያንን ተስፋ አድርጎብናል። የተማረው ሰው ግን ፖም ባነሰበት ሜዳ ላይ ከቆመ ዐልሞ መተኮሱን ይችልበታል። አገራችን ይህን ለማየት ማሽን አላስፈለጋትም።

በዚያው ዓመት ጁልየን ፔሮላና ጓደኞቹ ሌላ ሙከራ አወጡ። ፖሙ የሚበቅለው በአጠገቡ ሌላ ፖም ከተረፈ ብቻ ነው፤ ሁሉም ከተለቀመ ዳግመኛ አይበቅልም። ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ሁሉን አራቁተው ጨረሱት። ቆይተው ሌሎቹን እየመቱ ማስወጣትን በተማሩ ጊዜ ፖሙ መትረፍ ጀመረ፤ ነገር ግን ለጥቂቶች ነው የተረፈው። ዛፉ ዳነ፥ ሰውየው ከአትክልቱ ወጣ። ስለ አጥርና ስለ መሬት በምዕራብ ሸዋ ለሚያነብ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

መተባበር ሲባልም ሁልጊዜ ለሕዝብ የሚበጅ ነው ማለት እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። በ2020 ካልቫኖና ሦስት ጣልያናውያን የሥራ ባልደረቦቹ ዋጋ የሚቆርጡ ተማሪ ፕሮግራሞችን እንደ ነጋዴ አወዳደሩ። ፕሮግራሞቹ አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ ዋጋን ከውድድሩ ልክ በላይ ሰቅሎ መያዝን ተማሩ፤ ዋጋ የሰበረውንም ይቀጡት ነበር። በሥራው ላይ የዋለው ያው ብድር መላሽነት ነው። የሽንኩርት ደላሎች በገበያ ቀን በዐይን ጥቅሻ የሚግባቡበትን ያየ አይደነቅም። እንግዲህ «ተባበሩ» ከማለታችን በፊት ማን ከማን ጋር፥ በማን ላይ ብለን መጠየቅ አለብን።

ታዲያ ይህ ሁሉ የማሽን ነገር በእውነተኛ ሰው ላይ ይሠራልን? አገራችን ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናት አለ፤ በ2010 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታትሟል። ዴቬሽ ሩስታጊ፥ ስቴፋኒ ኤንግልና ሚካኤል ኮስፌልድ በባሌ የኦሮሞ ገበሬዎች መካከል ደን በጋራ የሚጠብቁ 49 ቡድኖችን፥ በጠቅላላው 679 ሰዎችን፥ በእውነተኛ ገንዘብ አጫወቱ። ጥያቄው «ባልንጀራህ ይህን ያህል ቢያዋጣ አንተ ስንት ታዋጣለህ?» የሚል ነበር። አንድ ሦስተኛ ያህሉ «እሱ ሲጨምር እጨምራለሁ፥ ሲቀንስ እቀንሳለሁ» የሚሉ፥ ማለት ብድር መላሾች ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎቹ የየቡድኑን ደን ሄደው አዩ፤ በሔክታር ስንት ለጋ ዛፍ እንዳለ ተመለከቱ። ብድር መላሾች የበዙበት ቡድን ደን የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ደኑን እየዞሩ ለመጠበቅም ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ያጠፉ ነበር። ማንም ሳይከፍላቸው ነው።

መጠበቅ ግን ድካም አለው። ድካሙን ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ በመስኖ ላይ ከደን ይልቅ ያምር መፍትሔ አግኝቷል። በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው የመጀመሪያዋ ሴት ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ስለ ተራ ውኃ የጻፈችው እንዲህ ነው። ተራው ሊያልቅ የተቃረበ ገበሬ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ይፈልጋል፤ ቀጣዩ ተራ ገቢ ደግሞ ጥቂት ቀድሞ መክፈት ይፈልጋል። ሁለቱም በዚያች ሰዓት በቦዩ አፍ ላይ ቆመዋል። የአንዱ መገኘት ሌላውን ይገታዋል። ዘበኛ አልተቀጠረም፥ ደመወዝ አልተከፈለም፤ ጥበቃው ከተራው ሕግ በነጻ ተገኘ። ይህን ካነበብን ወዲህ ቦይ ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስንት ሜትር በሲሚንቶ ተሠራ ብለን መሆኑ ቀርቷል። ተራ ሲለዋወጥ ማን ማንን ያያል እንላለን።

በጉደር አካባቢ በቶኬ ኩታዬ ወረዳ የኢንድሪስ ወንዝ ተጠልፎ ብዙ ማሳ ያጠጣል። እንደ ማንኛውም መስኖ ከላይ ያለው ገበሬ ውኃውን ቀድሞ ያገኛል፤ ከታች ያለው የተረፈውን ይጠብቃል። ከታች ያለው ከላይኛውን የሚቀጣበት ውኃ በእጁ የለም፤ ስለዚህ ብድር መላሽነት እዚህ ላይ ብቻውን አይሠራም። ላይኛው ሰው ታችኛውን የሚፈልግበት ሌላ ነገር ሲኖር ግን ጨዋታው ይለወጣል፤ ለምሳሌ ደለሉን ለመጥረግ የታችኞቹ ጉልበት የግድ ሲያስፈልግ። በ2014 የወጣው የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ (ቁጥር 841) ማኅበር መመሥረትን ሕጋዊ አድርጎታል፤ መልካም ነው። አዋጅ ግን የቦዩን ቁልቁለት አይለውጥም። የውኃው ተራና የደለሉ ሥራ አንድ ላይ ከተቈጠሩ፥ ማለት ለጠረገ ሰው ተራው ከተጠበቀለት፥ ታችኛው ሰው በእጁ የሚመልሰው ብድር አገኘ ማለት ነው።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። አምቦ ላይ ኮምፒውተር የሚማሩና እዚህ ጉደር ግብርና የምንማር በመካከላችን ያለው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የፖሙን ጨዋታ ከለንደን መቅዳት ትተን የራሳችንን የቦይ ጨዋታ እንሥራ። ዐሥራ ሁለት ማሳ፥ አንድ ቦይ፥ በየዓመቱ የሚሞላ ደለል ይኑረው። በየማሳው አንድ ተማሪ ተጫዋች ይቀመጥ፤ ከላይ ያለው ቀድሞ ይክፈት። መጀመሪያ ማንም ማንንም ሳያይ ይጫወቱ፤ ቀጥሎ ተራ ገቢው ከቦዩ አፍ ላይ እንዲቆም እናድርግ፤ በመጨረሻ የደለሉን ሥራ ከውኃው ተራ ጋር እናያይዘው። ከ1996 ወዲህ እንደ ታወቀው ጀማሪዎቹ መጀመሪያ ሊያስቸግሩ ይችላሉ። ሆኖም ፎርስተርና ባልደረቦቹ በ2018 «የዛሬ ሥራዬ ባልንጀራዬ ነገ የሚማረውን ይለውጣል» ብለው እንዲያሰሉ ያደረጓቸው ተጫዋቾች ማንም ሳይነግራቸው ወደ ብድር መላሽነት ደርሰዋል፤ ያንንም እንሞክረው። ውጤቱን ይዘን ገበሬዎቹ ዘንድ እንሂድ፤ ልናስተምራቸው አይደለም፥ የጨዋታው ሕግ የተሳሳተበትን እንዲያርሙልን ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልጉን ነገሮች መጽሐፍ ቤት ውስጥ አይገኙም። በጥር ወር አንድ ተራ ስንት ሰዓት ነው? የሌሊት ተራ ለማን ይደርሳል? ባሏ የሞተባት ሴት ማሳዋን የምታጠጣው በማን በኩል ነው? ቤተሰቦቹ ከቦዩ በታች በኩል የሚያርሱ ተማሪ ካለ ለዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች ጽፎ ይስጥ፤ ስሙን መግለጥ ባይፈልግ እንኳ ማሳው ከላይ ስንተኛው እንደሆነ ይጻፍልን።